ለደንበኛ ብቻ

በረዶ ነው ሴንት ሉዊስ። አምስት እንቁላል መታሁ፣
የማሾ ቡቃያ፣ ሽንኩርት፣ የትናንት ሥጋ ጨመርሁ።
ዘይቱ ተቆጣ፤ ጠርዙ ዳንቴል ሠራ፣
መሀሉ እንደ ትራስ ተነፋና ኮራ።

አርባ ዓመት ኤግ ፉ ያንግ ጠብሶ፣ አባቴ ለእኛ አላቀመሰን፤
«የፈረንጅ ነው» እያለ ሩዝና ጨዋማ ዓሣ ሰጠን።

ዛሬ ስሜ ጠፍቶበታል።
ወፍራሙን መረቅ ሳፈስበት ግን ብድግ አለ፤
ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣለ፣
ሳህኑን ክንዱ ላይ አሳርፎ፦
«አራተኛ ጠረጴዛ!»

ያለን አንድ ጠረጴዛ ነው። ተቀመጥሁ።
«መረቁ ለብቻው ይሁንልዎት?»
«ላዩ ላይ» አልሁት።

እጁን አጣምሮ፣ እንደ አዲስ አስተናጋጅ፣ ቆሞ ጠበቀ።
ሳንቲም አልያዝሁም፣ አቶ ሞይ።
ቀጭ ከሚለው ጠርዙ ቆረስሁና
«ጉርሻዎ» አልሁት።

አፉን ከፈተ።