አገር ስጪኝ

ዳንግላ ላይ ማታ፣ ከሦስት ሰዓት ወዲያ፣
እግር ሲቀል ከመንገድ፣ ሲበተን ገበያ፣
ተረኛ ነኝና መስኮቴን ከፍቼ፣
ስልኬን ከሽሮፕ ጠርሙስ አስጠግቼ፣
እጠብቃለሁ።

ሞጣ ያለ አንድ ሰው፣
አዝመራው ከሚል ስም በቀር የማላውቀው፤
መልኩም ሥራውም ከእኔ የተሰወረ፣
የኦክቶፐስን ልብ ግን አንድ በአንድ የቆጠረ።
(ሦስት ነው። ደሙም ሰማያዊ።
ማግስቱን ለሳል መድኃኒት ለመጣ ገበሬ ብነግረው፣
"ሦስት ልብ ይዞ በየትኛው ነው የሚያዝነው?"
አለኝ። ዋጋውን ብቻ ነገርኩት፣ ሌላ የምለው አጣሁና።)

ጨዋታው ነጥብ ይሰጣል፣ ኮከብ ይደረድራል፣
አሥራ አምስት ሰከንድ ቆጥሮ በሩን ይዘጋል።
እኛ ግን ኮከቡን ለሰማይ ትተን፣
በልጅነት ሕግ፣ በአገር ተጫወትን።
"እንቆቅልሽ" ይላል። "ምን አውቅልህ" እላለሁ።
መልሱ ሲጠፋኝ፣
"አገር ስጪኝ" ይላል። አገር እሰጣለሁ።

ቡሬን ሰጠሁት። "ቡሬስ ይቅር" አለ፤
"የተቀየምኩት አንድ ባጃጅ ነጂ አለ።"
ጅጋን ሰጠሁት፤ ገባ፣ ፎከረ፦
"ጅጋ ገብቼ ምን አጥቼ፣
ትኩስ ድንች በሚጥሚጣ በልቼ፣
ሒሳቡን በአንቺ ስም አስመዝግቤ ወጥቼ!"
ደምበጫም ሄደች። ደጀን፣ ቢቸና፣ ሉማሜ፣
ተራ በተራ ሸኘኋቸው ቆሜ።

እኔም አልተኛሁለትም።
"ከዓመቷ ይልቅ ቀኗ የሚረዝም ፕላኔት?" ብዬ፣
መርጡለ ማርያምን ከእጁ ወሰድኩ ነጥዬ።
"ቬነስ" ስለው ቆየና፣
"እዚያ አገር ልደት ሳይመሽ ይደርሳላ! ማን ደግሶ ይዘልቀዋል?"
"የሰጎን ዓይን ከምኗ ይበልጣል?"
"ከአንጎሏ" አለ፣ አፍታም ሳይቆይ፤
"እኛም ሠፈር አለ እንዲህ ያለ፣ ሳያስብ ሁሉን የሚያይ።"

አንድ ማታ ግን፦
"በሬ ከፊት፣ በላይኛው ድዱ፣ ስንት ጥርስ አለው?"
ስምንት አልኩ፣ እንደ ቀላል። "ምንም" አለ፤ "ባዶ ነው።"
አላመንኩም።
በገበያ ቀን ከብት ተራ ወረድኩ፣
ነጭ ጋዎኔን እንደለበስኩ።
አቶ ጓዴ የሚባሉ ሽማግሌ በሬ ይዘው ቆመዋል፤
"ልገዛ አይደለም አባቴ፣ አፉን ልይ፣ ይቻላል?"
ሳቁ። ሳቁና ከንፈሩን ገለበጡልኝ፤
ከታች ስምንት ተደርድሮ፣
ከላይ እንደ አራስ ሕፃን አፍ ባዶ ድድ ታየኝ።
"አንቺ ልጅ፣ ተምረሻል?" አሉኝ።
"አዎ" አልኩ።
"እንግዲያ" አሉ፣ "አይዞሽ።"
ያን ለት ፍኖተ ሰላምን ሰጠሁት፣ ቅር ሳይለኝ።

ከዚያ ኔትወርክ ጠፋ።
አሥራ ሁለት ቀን ስልኬ ሰዓት ብቻ ሆነ።
በካርቶን ጀርባ ላይ ጥያቄ አጠራቀምኩ፦
የጉማሬ ላብ ምን ዓይነት ቀለም አለው፣
ከፊደል ገበታ ማን ነው የመጨረሻው፤
ሌላም፣ ሌላም፣ የትም መጽሐፍ መልሱ የሌለ፦
ሞጣ ላይ አሁን መብራት አለ?
አዝመራው ሲያስነጥስ
"ይማርህ" የሚለው ሰው ከጎኑ አለ?

በአሥራ ሦስተኛው ማታ ስልኩ ተንቀጠቀጠ፤
የሽሮፑ ጠርሙስ አብሮት ተንቀጠቀጠ።
"እንቆቅልሽ።"
"ምን አውቅልህ" ልል ፊደሉን ሁለቴ ሳትኩ።
"ስንት ጥያቄ አጠራቀምሽ፣ ያለ እኔ?"
አርባ ሦስት ነበር፤ ካርቶኑ ከፊቴ ነው።
"አላውቅም" አልኩ።
"አገር ስጪኝ።"
ጎጃምን ቆጠርኩ፤ ከእጄ የቀረች ዳንግላ፣
ይህች መስኮት፣ ይህ ወንበር፣ ከኋላዬ የመድኃኒት ቆጥ።
"ዳንግላን ውሰድ።"

አሥራ አምስት ሰከንድ አለፈ። ሠላሳ።
"ዳንግላን አልወስድም" አለ። "ከዚያ ከወጣሽ
ማን ይጠይቀኛል? ይልቅ ያችን ቡሬን አምጪ፤
ከባጃጅ ነጂው ጋር ታርቄያለሁ።"

መስኮቱ ተንኳኳ። ፎጣ የተከናነበ ሰው፣
"የራስ ምታት አለሽ?" አለኝ።
"ዛሬስ የለኝም" አልኩ፣ እየሳቅኩ፤
ግራ ሲገባው ጊዜ ኪኒኑን አቀበልኩት።