ከሒሳቡ ይቀነስ

አባቴ ባዘዘው፣ አዘዞ መንገድ ዳር፣
ጋራዥ አለው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ዘይት የጠጣ አፈር።
ሙያው ጆሮው ነው። መኪና ገና ከጥግ ሲታጠፍ፣
«ሦስተኛው ካንዴላ ሞቷል» ይላል፣ ቀና ሳይል፣ እዚያው ደጃፍ።
ከአርማጭሆ የወጣ አይሱዙ፣ ከጭልጋ የመጣ ላንድክሩዘር፣
ማርሚታው ሲያስል፣ ፍሪሲዮኑ ሲያጉረመርም፣ ካምቢዮው አልገባ ሲል ሲቸገር፣
አድምጦ ይፈርዳል። በሽተኛው ተናግሮ ሳይጨርስ፣
ክሪኩን አንሥቶ ከሥር ይገባል፤ ቱታው አፈር ሲለብስ።

እኔ ልጁ አንጓች፣ ቢሮ አለኝ እላለሁ ሰው ሲጠይቀኝ፣
በሩ የት እንደሆነ አላውቅም፤ ዘበኛም አይፈትሸኝ።
ኩባንያው ባሕር ማዶ ነው፤ የአለቃዬ መልክ አይታየኝ፣
ክብ ውስጥ ያለች አንዲት ፊደል ናት፣ በአረንጓዴ ነጥብ «አለሁ» የምትለኝ።
ፊርማ የለ፣ ማኅተም የለ፣ «ነገ ተመለሽ» የሚል የለ፣
ወንበሬ አልጋዬ ነው፤ ጠረጴዛዬም የእናቴ ሣጥን፣ ከነዳንቴሉ አለ።
ማሽን የጻፈውን አማርኛ አርማለሁ፤ በቃል ብዛት ይከፈለኛል፤
ማሽኑም ከስሕተቱ ይማራል። ተምሮ ሲጨርስ ማን ይፈልገኛል?
ይህን ለአባቴ አልነገርኩትም።

ባለፈው ኅዳር አንዲት ነጭ መኪና ያለ ኮቴ መጥታ ግቢውን ሞላችው፣
ጭስ የላት፣ ድምፅ የላት፤ ውሻችንን ሳይነቃ አለፈችው።
አባቴ ኮፈኑን ከፈተ። ጆሮውን ዝቅ አደረገ። ቆየ።
የልብ ትርታ ፈልጎ እንዳጣ ሐኪም፣ የባለቤቱን ዓይን ዓይን አየ።
ካንዴላ የለ። ማርሚታ የለ። ሳልባትዮ የለ።
ማታ ራት ላይ፣ «ስንት ቃል ሞተ!» አለና ዝም አለ።

ትናንት ሌሊት የመጣልኝ ሰነድ ስለ ፀሐይ ነበር፦
ከደመና በላይ፣ ሌሊት በማይደርስበት፣ እንደ አውድማ የሰፋ መስተዋት ሊዘረጋ በጠፈር፣
ብርሃን ሊታጨድ፣ ሊወቃ፣ ያለ ገመድ ወደ ምድር ሊሻገር።
ማሽኑ «የፀሐይን ኃይል ወደ መሬት መተኮስ» ብሎ ነበር።
«መተኮስ»ን ሰረዝኩት። እዚህ አገር ያ ቃል ሌላ ሥራ አለው።
«መላክ» ልል ስል መብራት ሄደ፤ ሰፈሩን ጨለማ ዋጠው።

ከማራኪ እስከ አዘዞ አንድ አምፖል የለም። ላፕቶፔ ስድስት ከመቶ ቀርቶት፣
አረንጓዴዋ ነጥብ ትጠብቃለች፤ የእኔን ጨለማ ማን አሳይቷት?
አባቴ ሻማ ይዞ መጣ። ነገርኩት፤ የጠፈሩን ጭምር።
«ከሰማይ?» አለ፣ «ታዲያ ቆጣሪ አንባቢው በምን ይውጣ? ቆጣሪውስ የት ይታሠር?»

ሻማውን እፍ ብሎ ወጣ። ሳየው፣ ማከፋፈያ ገመድ እየጎተተ፣
ለፍሬን ሸራ ተመልሳ ያደረችውን የነጯን መኪና የቻርጅ ክዳን ከፈተ።
«ባለቤቱስ?»
«ከሒሳቡ ይቀነሳል።»

ቁጭ አልኩ በተገለበጠ የዘይት በርሜል፣ ላፕቶፔን ጭኔ ላይ፣
ከመኪና ሆድ መብራት እየጠባሁ፣ የማርመው ወደ ምድር ሊወርድ ስለተባለ ፀሐይ።
ጉድ በል ጎንደር! ቢሮዬ በር አገኘ፤
ዘበኛም አገኘ፤ አባቴ ጋቢ ተከናንቦ ደጁ ላይ ተገኘ።

ኋላ ግን ተነሣ። ጆሮውን መኪናዋ ጎን አስጠጋ።
«አንጉ፣ ስሚ። ንብ የመሰለ፣ ከወለሉ ሥር። ሥራ ሲበዛባት ከፍ ይላል፣ እንደ ሰው ሲተጋ።»
እኔ የሰማሁት የለም። እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ፣
ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ፣ ለዚያ ድምፅ የሚሆን ስም አጉተመተመ።

ሥራዬን ላክሁ። ንጋት ላይ መብራት መጣ፣ ማንም ሳይጠብቀው።
ጠዋት ደብተሩን አየሁት፤ ቅባት በነካው እጁ፣ በእርሳስ የጻፈው፦
«ነጭ መኪና። የፍሬን ሸራ፣ የፊት ሁለት።
ኩሽኔታው ገና ነው፤ ይሰማል ግን።
ሁለት ሰዓት መብራት ለልጄ ወስጃለሁ። ከሒሳቡ ይቀነስ።»
ከግርጌው አንድ ቃል ጽፎ ሰርዞ፣
እንደገና ጽፎ ሰርዞታል።