የማታ ዘበኛ

አባቴ ይማም አበጋዝ፣ በኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ
ሠላሳ አንድ ዓመት በር ላይ የቆመ፣ እንቅልፍን የሚንቅ።
ማን ክር በወገቡ ዙሪያ እንደ ጠቀለለ
ከኮቴው ይለያል፤ ሳይዳብስ፣ «ቁም!» እያለ።

ዛሬ ደሴ ተኝቷል፣ ጦሳን በሚያሳይ ክፍል፤
ቀዩ መድኃኒት በክንዱ ጠብ ጠብ ይላል።
አንደኛው ዙር ሲገባ እብጠቱ ሟሸሸ፤
ሁለተኛው ላይ ገገመ፤
ሦስተኛው ላይ ሲስተር ውዴ ወረቀቱን አይታ
ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

እኔ ሆጤ ነው ባዮሎጂ የማስተምረው፤
ሕዋስ በጠመኔ ስዬ በዳስተር የምሽረው።
«ይሄ ቀዩ» አለኝ፣ «ገብቶ ገብቶ የት ነው የሚደርሰው?»
አልጋው ጫፍ ተቀመጥኩና በገዛ ሙያው ጀመርኩለት፦

«በእያንዳንዷ ሕዋስ ቅጥር፣ አባዬ፣ ዘበኛ አለ፤
መርዝ የሸተተውን ሁሉ አንገቱን ይዞ ውጭ እየጣለ።
ለኛው ብሎ ነው የቆመው፣ ከጥንት ጀምሮ፤
ከመራራ ቅጠል፣ ከሻገተ እህል ጠብቆን ኖሮ።
ነቀርሳው ይህን አየና እሱኑ ቀጠረው፤
አንድ አልበቃው ብሎ በየበሩ ደረደረው።
መድኃኒቱ በፊት ለፊት እንደ እንግዳ ሲገባ
በጓሮ ይወረወራል፣ እንደ ተያዘ ሌባ።»

ሳቀ። ድዱ ይደማል።
«ጎበዝ ዘበኛ ነው» አለ። «ለማን እንደቆመ አለማወቁ እንጂ።»

«መላ እየፈለጉለት ነው» አልኩት፣ ያነበብኩትን።
«ቫይረስ ይይዛሉ፤ ጥርሱን ነቅለው፣ መራባቱን ነጥቀው፣
መግባቱን ብቻ ይተዉለታል።
ያ ቁልፍ የማይቸግረው ሌባ መልእክተኛ ይሆናል፤
አጭር ወረቀት ይዞ፣ እንደ ፀጉር ማስያዣ የታጠፈች።
የዘበኛው የቅጥር ትእዛዝ ከጽሕፈት ቤቱ ሲወጣ
እሷ መንገድ ላይ ጠብቃ ታስቀድደዋለች።
ትእዛዝ ካልደረሰ ማን ይቀጠራል? የቆመውም
አርጅቶ ይሄዳል፣ ምትክ ሳይመጣለት።
ጂኑ ግን አለ፤ አልተነቀለም።
ዝም እንዲል ብቻ ነው።»

«ጂን?» አለ፣ ግንባሩን ሰብስቦ።
«ጂን ዝም ማሰኘትማ ድሮ ገራዶ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤
ቀይ ዶሮ ይበቃቸው ነበር።»
ጎን ያለው በሽተኛ ሳይቀር በሳሉ መሐል ሳቀ።

ከዚያ ዝም አልን። ጉም ከጦሳ ወርዶ መስኮቱን ሞላው፤
በሐረጎ ጠመዝማዛ አንድ የጭነት መኪና እያቃሰተ ይወጣል።
«ይሄ ዘበኛ» አለ ቆይቶ፣ «ሌላ በር የለውም?»
«አለው» አልኩ። «አንጀት ላይ። ኩላሊት ላይ። አንጎል ደጃፍ ላይ።»
«መልእክተኛው በር ቢሳሳትስ?»

ለተማሪ ቢሆን «ጥሩ ጥያቄ ነው» ብዬ ደወል እጠብቅ ነበር።
«ገና ነው አባዬ፤ በብልቃጥና በአይጥ ላይ ነው ያለው።
እኛ ዘንድ ለመድረስ...» አልጨረስኩትም።

«እኔንም እንዲሁ ነው ያደረጉኝ» አለ።
«ሂድ ያለኝ የለም፤ ደመወዜም ወር ሙሉ መጣ።
አንድ ሰኞ ፈረቃው ሲለጠፍ ስሜ ሳይወጣ ቀረ።
ቆሜ ነበር። ኮፍያዬን እንዳደረግሁ፣
ሌላው መጥቶ ወንበሩን እስኪስብ ድረስ።»

ሌሊት ተኛ። እኔ ጠብታ እቆጥራለሁ፤
ስልሳ ላይ ይጠፋብኛል፣ እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ።
ድንገት መርፌው ያለበት ክንዱ ከብርድ ልብሱ ወጣ፤
መዳፉ ተዘረጋ፣ ጨለማው ውስጥ፣
ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት እንደሚዘረጋው፦
«ቁም!»

እጁን ያዝኩት፣ ቀስ አድርጌ አስተኛሁት።
«ይለፍ አባዬ» አልኩት በጆሮው፣
«ይሄን ተወው ይለፍ፤
የኛ ሰው ነው።»