ሽንኩርት አይደለም

ከዘንዘልማ አበባ እርሻ የጥቅምት ቅዳሜ ስትወጣ፣
አንጓች፣ የእህቴ ልጅ፣ ሦስት ራስ ሰጠችኝ በጋዜጣ።
"የተጣለ ነው፣ አጎቴ፣ ውጭ ገበያ የማይደርስ፤
ሽንኩርት ነው፣ ግን ለዓይን ነው፤ ድስት ገብቶ የማይታመስ።"

እኔ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ፣ ከናፍጣ ጋር ያረጀሁ፣
"ምን ይወዳል?" ብቻ አልኳት።
"ብርድ" አለችኝ። ደነገጥሁ።

ብርድ? ሽምብጥ ላይ?
ትንኟ እንኳ በላብ ሰጥማ አንሶላ ላይ በምታድርበት?
አሥር ሳምንት ሙሉ ክረምት ከየት ላምጣለት፣ ከየት?

ደምሰው ሱቅ ፍሪጅ አለ። ከአምቦ ውሃው ኋላ፣ ከጥግ፣
በወረቀት ከረጢት አስቀመጥኩ፤ ሳቀብኝ እንደ ወግ።
ከዚያ ወዲህ መብራት ሲጠፋ በእኩለ ሌሊት ተነስቼ፣
የሱቁን ቆርቆሮ እደበድባለሁ፣ ባትሪዬን አብርቼ፦
"ፍሪጁን እንዳትከፍተው፣ ቅዝቃዜው እንዳይወጣ!"
"ጋሼ፣ እኔ ተኝቻለሁ፤ ማን ሊከፍት ነው የመጣ?"

ጥር ላይ ተከልኳቸው፣ በሦስት የቀለም ቆርቆሮ።
አንድ እጅ የግቢ አፈር፣ አንድ እጅ የሐይቅ ዳር አሸዋ፣
ከሥር ጠጠር።
ሠላሳ ዓመት ውሃ እንዳይገባ ቀዳዳ ስደፍን ኖሬ፣
ውሃ እንዲወጣ ብዬ ቂጡን በሚስማር በሳሁት ዛሬ።

አንዱ በሰበሰ። ጥፋቱ የኔ ነው፤
የጠማው እየመሰለኝ ጠዋት ማታ ሳጠጣው፣
ጣቴን አፈሩ ውስጥ ከትቼ እርጥበቱን ሳልለካው፣
ሳወጣው እንደ በሰለ ሙዝ ተልፈሰፈሰ በእጄ፤
ሽታው ሦስት ቀን ሙሉ አልለቀቀም ከደጄ።

ሁለተኛውን ፈንታነሽ፣ ግድግዳ የምትጋራኝ፣
የሽንኩርት ኪሎ ሲሰቀል ነቅላ ቁሌት አደረገችብኝ።
ማታ ራሷ መጣች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፦
"ይማሩኝ፣ ጋሽ ሙሉሰው፤ ሽታው ሽንኩርት ነው፣ የለውም ለዛ።
ልጆቹ ወጡን አልነኩት።"
ልቆጣ ተነሳሁና ሳቅ ቀደመኝ።

ሦስተኛው ቀረ።
ቅጠሉ እንደ ቀበቶ ተጋድሞ፣ ከመሐል አንድ ዘንግ አቆመ፤
ጫፉን በስስ ልባስ ጠቅልሎ ሁለት ሳምንት አዘገመ።
መጋቢት አጋማሽ፣ ሰኞ፣ በሩን ስከፍት፦
ኳስ። ሐምራዊ ኳስ። እንደ ብስክሌት ጎማ ሽቦ
ከአንድ እምብርት ወደ ዙሪያው ተወጥሮ፣ በየጫፉ ኮከብ አብቦ።

አንድ ባጃጅ ነጂ ከደጅ ቆሞ፦ "እምቦጭ ግቢ አስገቡ እንዴ?"
መልስ አጣሁ። ቀለሙ ያው ነው።
ከስንት ሞተር ምላጭ ላይ ሥሩን በቢላ ስፈታ የዋልኩ፣
ሐምራዊ ያየሁ ለት ምሳ አልበላም እስከማለት የደረስኩ፣
እኔ ነኝ ዛሬ በርጩማ አውጥቼ
ለሐምራዊ የምቀመጥ፣ ፊት ለፊቱ ተጎልቼ።

ፈንታነሽም ከዚያ ወዲህ፣ አፍራ ይሁን ወይ ወዳ፣ እንጃ፣
ጠዋት ጠዋት ቆርቆሮውን ወደ ፀሐይ ታዞራለች።
የጣና ነፋስ አሥር ሰዓት ሲነሳ፣ ዘንጉን እንዳይሰብረው፣
በልጇ የጫማ ክር ከመስኮቱ ብረት አሰረችው።

ቅጠሉ ሲገረጣ መቀስ አነሳሁ። አንጓች በስልክ ጮኸች፦
"ተወው! ለከርሞ ስንቁን እየቋጠረ ነው" አለች።
ተውኩት። አስቀያሚ ሆኖ ሰነበተ። የሰኔ ዝናብ ሲያንዣብብ፣
ከጣራ ሥር አስገባሁት፣ ደርቆ ይተኛ ብዬ፣ ሳይረጥብ።

ጥቅምት ሲገባ ቆርቆሮውን ገለበጥኩ፤
አንዱ ሁለት ሆኗል፣ ጎን ለጎን ተጣብቆ።
ወደ ደምሰው ፍሪጅ ስመልሳቸው፣ ደግሞ ሰው እንዳይሳሳት፣
ከረጢቱ ላይ በጥቁር ቀለም ጻፍኩበት፦
"ሽንኩርት አይደለም"።

በሳምንቱ ሄጄ ሳይ፣ ከሥሩ በእስክሪፕቶ፣
የማን እጅ እንደሆነ እንጃ፣
"ታዲያ ምንድን ነው?" ተብሎ ተጽፏል።

መልስ ልጽፍ እስክሪፕቶዬን አወጣሁ።
ቆምኩ። አሰብኩ።
"ጋሼ!" አለ ደምሰው ከኋላዬ፣
"ይዝጉት እንጂ፣ ቅዝቃዜው ወጣ!"