እርሳስ

ደቻቱ ደረቀ፤ አሸዋው ጋለ፤
ጀሪካን የጫነ አህያ ጥላ ፍለጋ ዋለ።
ቀትር ነው። ገንደ ቆሬ በሯን ዘግታ ተኝታለች፤
አንዲት የጓሮ ጉድጓድ ብቻ ዓይኗን ገልጣለች።

ፈትያ ባልዲ ቀዳች። «ቅመሰው አቦ፤ አባቴ ነው የቆፈረው፤
እንደ ቧንቧው አይደል፣ ድስት ላይ ኖራ የሚጋግረው።»
ጠርቷል። ሽታም የለው። ጠምቶኝ ነበር፤ አፌን ከለከልኩት፤
ከደረት ኪሴ አውጥቼ እርሳሴን ነከርኩት።

እርሳስ ነው በቃ፤ ከከፊራ ሱቅ የገዛሁት፤
ጫፉን በምላጭ ልጬ ከቀጭን ሽቦ ያያዝኩት።
ደንበኛው መሣሪያ ጉምሩክ ነው፤ ዓመት አለፈው፤
እስከዚያው እርሳስ ነው እርሳስን የሚያድነው።
ስማቸው አንድ፣ ሥራቸው ለየቅል፦
አንዱ ደብተር ላይ ፊደል ያሰፍራል፤
ሌላው በልጅ አጥንት መሃል ይሰፍራል።

ኮረንቲ ለቀቅኩበት፤ የሟሟው ብረት ጫፉ ላይ እንዲለቀም።
ሁለት ደቂቃ። ዝንብ እንኳ አልተነፈሰም።
ከዚያ አቅጣጫውን መለስኩ፣ የለቀመውን እንዲተፋ፤
ቀጭን መስመር ስልኬ ላይ እንደ ጉንዳን ሰልፍ ተገፋ፤
እንደ ሽንሌ ሜዳ ለጥ ብሎ ሄደ፣ ሄደና፣
ድንገት እንደ ደንገጎ አቀበት ቀና።

ከአጥሩ ጀርባ አሮጌ ባትሪ የሚያቀልጡ አሉ፤
ጢሱ ሌሊት ነው፤ ቀን ላይ «የቱ ጢስ?» ይላሉ።

«እርሳው!» አለች ፈትያ፣ ባልዲዋን ሳበችና፤
«ጀሪካኑ አምስት ብር ነው፤ የምኖረው በሱ ነውና።»

እርሳው።
እሺ፣ እኔ ልርሳ።
ኢምራንስ? ሰባትን በስምንት ማታ አባዝቶ፣ ጧት የሚረሳ፣
ሦስተኛ ክፍል ላይ ሁለት ዓመት የከረመ፣
መምህሩ «ሰነፍ» ብሎ ከኋላ ወንበር ያስቀመጠው ልጇ?

ዞር ብል፣ የራሱን እርሳስ ባልዲው ውስጥ ነክሯል፤
እንደ እኔ ዝም ብሎ፣ እንደ እኔ ጠብቋል።
«የኔስ?» አለኝ፣ ጠብታውን እያራገፈ፣
«የኔስ ምን አለ?»

ቅጹን ገለጥኩ። ብዕሬ አልጽፍ አለ።
የሱን ተዋስኩ። እርጥብ ነው፤
ወረቀቱን ይቧጥጠዋል እንጂ ቶሎ አይዝም።
ጫን አድርጌ «እርሳ» ብዬ ጀመርኩ፤
ከ«ሳ» በኋላ ቆምኩ።
ፈትያ ታየኛለች።

«ስ»ን ጻፍኩ።