የጉልበት ልክ

ወረቀቴን ጠቅልዬ፣ በላስቲክ ሸፍኜ፣
ሂርማታ ወረድኩኝ፣ ዲግሪዬን አምኜ።

የአባ ፎጊ ደጃፍ ዋንዛ ዋንዛ ይሸታል፤
ፍቅፋቂው ከጭቃው ጋር ከጫማ ይጣበቃል።
ባለሦስት እግር ዱካ፣ ሙጫ ያልቀመሰ፣
ሚስማር ያልጎበኘው፣ ከአንድ ግንድ የፈሰሰ፣
ሳቡልኝ። ተቀመጥኩ። ፕላኔን ዘረጋሁ፤
«ነፍሰ ጡሮች ቀኑ እስኪደርስ ድረስ
የሚያርፉበት ቤት ነው፣ ከአዌቱ በላይ፣
ከዳገቱ ጫፍ ላይ» እያልኩኝ አወጋሁ።

ወረቀቱን አላዩም።
«ደረጃ አለው?» አሉኝ።
«አሥራ ሦስት አለው፤ የያንዳንዱ ቁመት
አሥራ ሰባት ሳንቲ፤ መጽሐፉ ነው ያለው።»
«መጽሐፉ ጉልበት አለው?»

ይህን አሉ ሳይስቁ። ከኪሳቸው ስበው
ሲባጎ አወጡና «ተነስ» አሉኝ ቀድመው።

ሐሙስ ነው፣ ገበያ። ከሴቶቹ ዋልን፣
ከሰል ካወረዱት፣ እንሥራ ካዘሉት፣
ሽንኩርት ከደረደሩት፣ ቀናቸው ከገባው።
ክሩን የያዘችው ልጃቸው ከመሪያ፣
ከተረከዝ ጉልበት ስትለካ ዝቅ ብላ፣
እሳቸው ፊት አዙረው፣ ከሸንኮራው ወዲያ፣
«አባ!» ባለች ቁጥር ይቋጥራሉ ሌላ።
ሲመሽ ቆጠርነው፤ ሠላሳ አንድ ቋጠሮ፤
ሠላሳ አንድ ጉልበት፣ ሠላሳ አንድ ኑሮ።

ከዚያ ወዲያ ያለው የስህተት ወር ነበር።
ጭቃ ረገጥን፣ ጡብ ጣልን።
አንደኛው ተሰነጠቀ፣ ጭዱ አንሶት ይሆናል።
ሁለተኛው በሌሊት ዝናብ ሟሙቶ፣
ደህና ሁኑ ሳይል አዌቱ ገባ።
ሦስተኛው ላይ የቡና ገለባ ብናበዛበት
እንጉዳይ በቀለበት፤
«ቤቱ ሳይቆም ወጡ ደረሰ» አለች ከመሪያ።
አራት፣ አምስት፣ ስድስት፤
እኔ በደብተር ስጽፍ፣ መጠኑን ስለካ፣
እሳቸው በጥፍራቸው ጡቡን ሲያንኳኩ፣ ሲነካ፣
ሰባተኛው ጮኸ፣ እንደ በሰለ ሸክላ።
«መለሰ» አሉ። «ሰላምታ መለሰ።»

ደረጃውን ደግሞ፣ ድንጋይ ሳንጠርብለት፣
በአሮጌ የሳሙና ሣጥን ጣውላ ሠራንና
ከሳቸው ደጅ አቆምነው፣ ይሞከር አልንና።
ዘሃራ መጣች። ስምንት ወር ሞልቷታል።
አንድ። ሁለት። ሦስት።
አራት።
አምስተኛው ላይ ቆመች።
ደከመኝ አላለች፤ እጇን ከወገቧ፣
ዓይኗን ከከተማው ቆርቆሮ ላይ ጣለች፣
አገር እንደሚያደንቅ እንግዳ መሰለች።
አባ ፎጊ ግን ከሰል አነሡና
አምስተኛው ጎን ላይ መስመር አሰመሩ፣
በእኔ ወረቀት ላይ ያልነበረ መስመር።

እዚያ ሆነ መቀመጫው፤ ዋንዛ፣ ከአንድ ግንድ።
ዕድሜ ልካቸውን ዝቅ ያለ ሲጠርቡ፣
ከአባት በወረሱት፣ ስንዝር ከጋት ልክ፣
«ሆድ የከበዳት ሴት ከዝቅታ አትነሣም» ብለው
አንድ ጭብጥ ሙሉ ጨመሩበት ወደ ላይ።
ያን ሌሊት በጭራሽ አልተኛሁም አሉ፣
የአባታቸውን ቃል እንደሻረ ሁሉ።

የምረቃው ዕለት፣ ንግግር ሲረዝም፣
ድንኳኑን ሲገርፈው ዝናቡ ሳይደክም፣
ከክብር እንግዶች ረድፍ አባ ፎጊ የሉም።
ዳገቱን ቁልቁል ሳይ፣ አምስተኛው ላይ ናቸው፤
በከመሪያ ጃንጥላ ተጠልለው ለብቻቸው።
መቀመጫው ረዝሞ፣ እግራቸው ተንጠልጥሎ
ይወዛወዛል እንደ ሕፃን።

«ልኩ ተሳስቷል?» አልኩ፣ ወርጄ በድንጋጤ።

«ልክ ነው» አሉኝ፣ ጫማቸው ሳይነካ መሬት፤
«ለኔ ቢሆን ኖሮ፣
ያኔ ነበር ስህተት።»