ምንም አልሆነም

አባቴ ከሰል ነው፤ ሲነድ የኖረ ሰው፣
ጡረታው ሳል ሆኖ ደረቱን ያረሰው።
በወደቡ ጫፍ ላይ ተርባይኑ ሲያጓራ
እንቅልፍ የሚወስደው፣ ዝም ሲል የሚፈራ።
«የማይሽከረከር ሥራ አይደለም» ይላል፤
«ጸጥ ያለ መኪና ሞቷል ወይ ይሞታል።»

ፋብሪካው ሲዘጋ ኬክ ቆርሰው ሸኙት፤
«አቤላርዶ» የሚል ሰዓት አስረከቡት።
ሰዓቱ ይዞራል። ያ ነው የቀረለት።

እኔ ልጁ ያስና፣ ከወደቡ ርቄ፣
ዝናብ በማያውቀው አታካማ ዘልቄ፣
እኖራለሁ፣ መቶ ነጭ ሣጥን ጠብቄ።
የፀሐይ ጎተራ። የባትሪዎች ጋጣ።
አንድ ቀን አባቴ ሊያየው ብሎ መጣ፤
ዞረና ዞረና፣ ጢስ አጣ፣ ድምፅ አጣ፤
«የማን ቀብር ነው?» አለ፣ ባርኔጣውን አውልቆ።
ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩኝ፤ እሱ ቆሟል ደርቆ።

ከቀበሮ በቀር ጎብኚ የለኝም፤
ሣጥን ተጠግታ ታድራለች፣ አትጮህም።
አለቆቼ አያውቁም፤ እኔም አልነግርም።

ቀትር ላይ ብርሃን ገዥ አጥቶ ሲደፋ
ሣጥኑን አጠጣለሁ፣ ሆዱ እስኪነፋ።
የዮሴፍ ጎተራ ሰባት ዓመት ቻለ፤
የኔ አራት ሰዓት ነው፣ እሱም ከተባለ።
ችጋሬ ግን ዓመት፣ ዘመን አይጠብቅም፤
ማታ ማታ መጥቶ ሳይበላ አይርቅም።

ፀሐይ ውቅያኖሱን እንደነካች ገና
አገሩ በሙሉ ሻይ ጣደ እንደገና፣
ዳቦ በአቮካዶ ሊቀርብ ነውና።
ያን ጊዜ መስመሩ ያቃስታል ለአፍታ፤
በሴኮንድ ሃምሳ ነው የልቡ ትርታ፣
ቢወርድም በሽታ፣
ቢወጣም በሽታ።

ባለፈው ሐሙስ ግን ዋናው መስመር ወድቆ፣
ቁጥሩ ሲያሽቆለቁል ዓይኔ እዚያው ተጣብቆ፣
አርባ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት፤
ነጥብ ሰባት፤
ነጥብ ስድስት —
ጣቴን ሳላነሳ፣ «እግዚኦ» ሳልል ገና፣
መቶው ሣጥን ባንዴ ቀትርን ተፋና
ሃምሳ ላይ ረጋ ልብ፣ እንደነበር፤ ጤና።

ስልክ ደወልኩለት፤ እጄ ይንቀጠቀጣል።
«አባ፣ መብራት ሄደ?»
«የት ይሄዳል?» አለኝ፤
«ይኸው ሻዬ በእጄ፤ ምነው ደወልሽልኝ?»

«ምንም» አልኩት። ምንም። ምንም ነው ሥራዬ፤
ምንም እንዳይሆን ነው የሌት ዋርድያዬ።
ያልጠፋን መብራት ማን ያመሰግነዋል?

ዝም አለ አባቴ። ሳለ። ጆሮ ጣለ።
«ያ የሚነፍስ ድምፅ፣ ነፋስ ነው ወይ?» አለ።
«ማራገቢያቸው ነው፤ ሠርተው ሞቋቸዋል።»
«አሃ… እነሱንም ለካስ ያልባቸዋል?»

ደግሞ ቆየት ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
እንደ ሕፃን ነገር፣ አንድ ነገር ፈልጎ፦
«ስልኩን እንዳትዘጊው፤
ትራሴ ላይ ላርገው፤
እስኪወስደኝ ድረስ።»